የካቲት 7 ቢቸና ላይ ምን ቀን ነው?

ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አውርዳችሁ ከሆነ አላህ ይቀበላችሁ። ካልሆነም እስከ መግሪብ ጊዜ አለ። ከሶላት መልስ ቡናው እስኪፈላ ይህችን የዛሬ ማስታወሻ አንብቡልኝ።

በጥያቄ ልጀምር። የካቲት 7 ምን ቀን ነው?

ቢቸና ገበያ ላይ ጤፍ የምትሰፍር እናት ብትጠይቁ፣ ክርስቲያን ከሆነች «ሥላሴ ነው» ትላችኋለች። ሙስሊም ከሆነች ጨረቃውን ትቆጥርና ረጀብ ይሁን ሻዕባን፣ ረመዳን ስንት ቀን እንደቀረው ትነግራችኋለች። ከጎኗ ስልኳን ይዛ የተቀመጠችውን የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጇን ብትጠይቁ ግን መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ቫለንታይን!»

እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በሁለት ካላንደር እየኖሩ ነው። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚህ ነው። ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ አዲስ አበባ የምትኖሩ ወጣቶች ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀይ ፊኛ፣ ቀይ ቲሸርት፣ ኬክ፣ በቲክቶክ የሚለቀቅ ቪዲዮ። ቁጣ ይዤ አልመጣሁም። አብረን እንድናስብ ነው የምፈልገው፤ ይህ ቀን ከየት መጣ? በማን እጅ ገባ? ሲገባስ ምን አስወጣ?

*ከየት መጣ?*

የካቲት 7 በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 ነው። ቫለንታይን በሮም ዘመን የተገደለ የክርስቲያን ሰማዕት ስም ነው። ስለ ሕይወቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በጣም ጥቂት በመሆኑ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1969 ከአጠቃላይ የበዓላት ዝርዝሯ አውጥታዋለች። ቀኑ ከፍቅረኞች ጋር የተያያዘው በ14ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ባለቅኔዎች ብዕር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የካርድ አታሚዎች ያዙት፤ ከዚያ ቸኮሌት ሻጩ፣ ከዚያ አበባ ሻጩ፣ ዛሬ ደግሞ ስልካችን ላይ ያለው ማስታወቂያ።

ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ቀኑን ከዝርዝሯ ስታወጣው ገበያው አልተወውም። ስለዚህ ዛሬ ቢቸና ካፌ ውስጥ የሚከበረው የሰማዕቱ ቀን አይደለም። ባለቤቱ ነጋዴ ነው።

ነጋዴ በዓል ሲፈጥር ማየት ከፈለጋችሁ ጃፓንን ተመልከቱ። ከሕዝቧ ክርስቲያን የሆነው መቶኛ አንድ አካባቢ ብቻ ነው። ሆኖም በፈረንጆች ገና ምሽት ብዙ ቤተሰብ ተሰልፎ የተጠበሰ ዶሮ ይገዛል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኬንታኪ የተባለው የዶሮ ድርጅት «ገና ማለት ዶሮ ነው» የሚል ዘመቻ ከፍቶ ስለተሳካለት ነው። በፌብሩዋሪ 14 ደግሞ እዚያ አገር ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ናት። ጣፋጭ አምራቾቹ ይህ አንድ ቀን አልበቃ ቢላቸው በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ማርች 14ን «ነጭ ቀን» ብለው ወንዱ መልስ የሚሰጥበት አደረጉት። አንድ ቀን ተበድረው ሁለት አደረጉት ማለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ከምስጋና ቀናቸው ማግስት ያለችውን ዓርብ «ጥቁር ዓርብ» ብለው ይሸጡባታል። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ትልቅ የዐረብ አገራት የኢንተርኔት መደብር ይህን ሽያጭ ወደ ሙስሊሞች ገበያ ሊያመጣ ፈለገ። ግን ጁሙዓን ጥቁር ብሎ መጥራት ሙስሊሙን እንደሚያስቀይም ገባው። ምን አደረገ? «ነጭ ዓርብ» አለውና ሽያጩን ቀጠለ። ስሙ ሰለመ፤ ሥራው ግን ያው ሥራ ነው። ሱብሓነላህ! ከቀናት ሁሉ በላጭ የሆነችው ጁሙዓችን፣ አላህ (ሱ.ወ) አዛን ሲሰማ ንግድን ተዉ ያለባት ቀን፣ የንግድ ቀን መጠሪያ ሆነች።

*የኛው አበባ፣ የነሱ ቀን*

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። አገራችን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ናት። በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታ ባሉት እርሻዎች አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው። ከፌብሩዋሪ 14 በፊት ባሉት ሳምንታት ሥራው ይበረታል፤ ጽጌረዳው ተቆርጦ፣ በቀዝቃዛ መኪና ተጭኖ፣ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። እኛ አገር ለዚያ ቀን አበባ ይመረታል፤ ቀኑ ደግሞ ተመልሶ በስልክ ይመጣልናል። አበባውን ስንልክ ገንዘብ አገኘንበት፤ ደግ። ቀኑን ስንቀበል ግን ከፋዮቹ እኛ ነን።

ገንዘቡ እንኳ ይቅር። አስቡት፤ የሻይ ሒሳብ ከእናቱ የሚጠይቅ ተማሪ፣ «ካልሰጠኋት ትቀየመኛለች» ብሎ ብር ይበደራል። ያልተሰጣት ልጅ ደግሞ የጓደኞቿን ፎቶ እያየች «እኔን የሚወደኝ የለም» ብላ ታድራለች። ወንድሜ፣ ይህ ፍቅር ነው? ፍቅር ለማስተማር ከሆነ ጎጃም የማንም ተማሪ አይደለችም። በአማርኛ ስለ ፍቅር ከተጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉ የገነነው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ ከዚሁ ከጎጃም ምድር፣ ከቢቸና ብዙ ከማይርቀው ከዲማ ነው። የተጻፈው በ1958 ነው። ያኔ ቀይ ፊኛ አልነበረም።

ከየካቲት 7 አምስት ቀን ቆጥራችሁ ደግሞ የካቲት 12 ላይ ቁሙ። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሽስት ጣሊያን ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ፈጀ። በኢትዮጵያ በኩል የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሞተ ሕዝብ ነው። የካቲት 7 ፎቶ የለጠፈ ስንቱ ወጣት የካቲት 12ን ያስታውሳል? የሰው አእምሮ እንደ ጎተራ ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።

*ጎረቤቶቻችንም ተበልቶባቸዋል*

ይህ የሙስሊሙ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ገናን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 29 ነው። ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው የገና ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ በቆልማማ ዱላ፣ በእንጨት ጥንግ፣ ጌታና ሎሌ ሳይለይ። ዛሬ ከተማ ውስጥ የምታዩት ምንድን ነው? የፕላስቲክ ዛፍ፣ ላዩ ላይ ጥጥ የተበተነበት። ዛፉ በ16ኛው መቶ ዘመን ጀርመን አገር የተጀመረ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1848 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተሰቧ ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ዓለም ለቀመው። ጥጡ ደግሞ የአውሮፓ በረዶ ምሳሌ ነው።

ሞጣ ላይ በረዶ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬውን ጠይቁት። በረዶ ማለት የደረሰ ጤፍ የሚያረግፍ መዓት ነው። አላህ ይጠብቀን ተብሎ ዱዓ የሚደረግበትን ነገር ሳሎን ውስጥ ለጌጥ ሰቀልነው! ብዙ የክርስቲያን አባቶችም በዚህ ሲያዝኑ ትሰማላችሁ። የሚያዝኑት እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ግን በደንብ እንለይ። ስለ ፈረንጅ በዓል ስናወራ ስለ ጎረቤታችን በዓል እያወራን አይደለም። የጎረቤት ሐቅ በዲናችን ከባድ ሐቅ ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ሊወርስ ነው እስኪሉ ድረስ እንዳሰቡ ተነግሮናል። እናቶቻችን ይህን ኖረውታል። ሥጋችን ባይገናኝም ቡናችን ይገናኛል። በሠርግ ለሙስሊሙ የብቻው ይታረዳል፤ በለቅሶ ድንኳን አብረን እንተክላለን፤ የታመመ እንጠይቃለን። የነሱን አምልኮ ሳንጋራ ጉርብትናቸውን ተጋርተን ኖረናል።

ይህ ጉርብትና ሲቆስል ምን እንደሚሆን ሞጣ ታውቀዋለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዕለቱ ጁሙዓ ነበር፤ መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆችም ወደሙ። ቁስሉን ለመነካካት አላነሣሁትም። በቀይ ፊኛና በፕላስቲክ ዛፍ አንድ ስለሆንን አብሮ መኖር አገኘን ብሎ የሚያስብ ካለ እንዳይሳሳት ብዬ ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት መልበስ ጎረቤት አያደርግም። ጎረቤት የሚያደርገው ሌሊት በሩ ሲንኳኳ መክፈት ነው። እሱ ደግሞ ቀን አይቆረጥለትም።

*ነቢያችን ምን አደረጉ?*

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የአገሩ ሰዎች የሚጫወቱባቸው ሁለት የቆዩ ቀናት ነበሯቸው። አነስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል ስለ ቀናቱ ጠየቁ፤ ከጃሂሊያ ዘመን የመጡ መሆናቸውም ተነገራቸው። ያኔ አላህ በነዚያ ፈንታ የተሻሉ ሁለት ቀናት እንደሰጣቸው ነገሯቸው፤ ዒደል ፊጥርና ዒደል አድሐ። አካሄዱን አስተውሉ። መጀመሪያ ጠየቁ። ቀጥሎ ደስታን ከሰዎች አልነጠቁም፤ የተሻለ ሰጧቸው።

ዒድ ደግሞ ፊት የሚቋጠርበት ቀን አልነበረም። በመዲና መስጂድ ውስጥ በዒድ ቀን በጦርና በጋሻ ይጫወቱ የነበሩት እነማን ነበሩ? ሐበሾች! የኛው አገር ሰዎች! እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በረሱል ትከሻ በኩል ሆና ጨዋታቸውን እስኪበቃት ተመለከተች፤ ነቢያችንም እስክትጠግብ ቆሙላት። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲሉ ተዋቸው አሏቸው።

አልሐምዱሊላህ፤ ይህች ታሪክ ብቻ ትበቃን ነበር። ሐበሻ ዒድን ለማድመቅ የማንንም ካርድና ፊኛ አልተበደረም። የአገሩን ጨዋታ ይዞ መስጂድ ገባ፤ ነቢዩም ደስ አላቸው። ባህልህ ሽርክና ሐራም እስካልነካ ድረስ ዒድህ ላይ ቦታ አለው።

ከዚያም በፊት፣ በመጀመሪያው ሒጅራ፣ ጀዕፈር (ረ.ዐ) እና ጓደኞቹ ወደ ሐበሻ መጥተው በክርስቲያን ንጉሥ ጥላ ሥር ኖረዋል። አክብረውታል፤ አክብሯቸዋል። ሲጠየቁም ማንነታቸውን አልደበቁም። በእንግድነት አገር ዲኑን ይዞ በፍቅር መኖር ይቻላል ለሚለው ምስክሩ የቆምንበት አፈር ነው።

*ዒዳችሁ ዋጋ ተከፍሎበታል*

ምናልባት ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ታሪክ ይህ ነው። አያቶቻችሁ ወጣት በነበሩበት ዘመን በኢትዮጵያ ዒድ የሕዝብ በዓል አልነበረም። ተማሪው ሶላቱን ሰግዶ ወደ ክፍሉ ይሮጣል፤ ሠራተኛው ፈቃድ ይለምናል፤ መሥሪያ ቤት ክፍት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊም ለእኩልነት አደባባይ ወጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን ይታወቁልን የሚል ነበር። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ዒደል ፊጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ።

ስለዚህ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ያ ዕረፍት ከሰማይ አልወረደም። ሰው ተሰልፎበታል፤ ሰው ፈርቶ ወጥቶበታል። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለየካቲት 7 ሳምንት ሙሉ የሚዘጋጅ ወጣት፣ በዒድ ጠዋት ተክቢራውን ትቶ እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛል። የሰልፈኞቹ አደራ የት ገባ?

*ምን እናድርግ?*

ዝርዝር ብይኑን ከምታምኗቸው ዑለማዎችና ከመስጂዳችሁ ኢማም ጠይቁ፤ በፌስቡክ ጽሑፍ ፈትዋ አይወሰድም። እኔ አዲስ ቀን በስልካችሁ በመጣ ቁጥር ራሳችሁን የምትጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ መነሻው ምንድን ነው? የሌላ እምነት አምልኮ ከሆነ የኛ አይደለም። ባለቤቱን አክብሮ ማለፍ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ምን ያሠራኛል? ማርች ሲያልቅ፣ መጋቢት 23 ላይ፣ «የኤፕሪል ውሸት» ይሉታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ለማሳቅ ብሎ የሚዋሽን ሰው በብርቱ አስጠንቅቀዋል። «ወንድምህ መኪና ገጨው» ተብሎ የተደወለላት እናት ልቧ ቢቆም ቀልዱ ማንን አሳቀ? የፍቅረኞች ቀንም ያለ ኒካሕ ወደ መገናኘት የሚወስድ ከሆነ መንገዱን ከመጨረሻው አይታችሁ መዝኑት።

ሦስተኛ፣ ማን ይጠቀማል? ከኪሳችሁ የወጣው ብር የት እንደሚያርፍ ተከተሉት።

አራተኛ፣ የትኛውን የራሴን ነገር ያስረሳኛል? ይህች ዋነኛዋ ናት። ለምሳሌ ከተማ ውስጥ እህቶቻችን «ቤቢ ሻወር» እያሉ ልጅ ሳይወለድ ድግስ ይደግሳሉ። ልጁ ሲወለድ ግን በሰባተኛው ቀን የሚታረደው ዐቂቃ «ወጪ በዛ» ተብሎ ይቀራል። ሱናው ሰው የሚበላበት፣ ድሃ የሚጠግብበት ነበር። አዲሱ ፎቶ የሚነሡበት ነው። ሲገባ ያስወጣው ምን እንደሆነ አያችሁ?

እንግዲህ መከልከል ብቻ ወጣትን አያሳርፍም፤ ነቢያችንም እንደዚያ አላደረጉም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዒድ ከአሁኑ እናስብ። የሠፈር ልጆች ተሰባስባችሁ ከትንሽ ብር ጀምሩ። ለየቲም ልብስ፣ ለአሮጊት እናት ዘይትና ስኳር። ከሶላት በኋላ ሩጫ፣ ገመድ ጉተታ፣ መንዙማና ነሺዳ። ለሚስት አበባ መስጠት ከፈለግህ የካቲት 7ን አትጠብቅ፤ ኒካሕ አስረህ በማንኛውም ማክሰኞ ስጣት። ለእናትህ የተመደበ ቀንም አትፈልግ። የእናት ሐቅ በዓመት አንድ ቀን የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ጀነት ከእግሯ ሥር ባልተፈለገች።

ለዚህ ሳምንት ደግሞ አንዲት የቤት ሥራ። ዛሬ ማታ ከአያታችሁ ወይም ከሠፈር ሽማግሌ ጎን ተቀመጡና «በልጅነትዎ ዒድ እንዴት ነበር?» በሏቸው። በየትኛው ሜዳ ይሰገድ ነበር? ምን ይለበስ ነበር? ማን ከማን ቤት ይሄድ ነበር? የክርስቲያን ጎረቤትስ ምን ይዞ ይመጣ ነበር? ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። በስልኩ የገባው የሰው ቀን ብቻ አይሁን፤ የኛም ቀን በዚያው ስልክ ይቀመጥ። እሳቸው ካለፉ በኋላ የሚነግራችሁ የለም።

የጤፍ ገበያዋን እናትና ልጇን አልረሳኋቸውም። ልጅቷ አንድ ቀን እናት ትሆናለች። የሷ ልጅ «የካቲት 7 ምን ቀን ነው?» ሲላት፣ ጨረቃውን ቆጥራ «ረመዳን ይህን ያህል ቀረው» የምትለው ዛሬ ከእናቷ ከተማረች ብቻ ነው።

ያ አላህ! ደስታችንን ሐላል አድርግልን። ዒዶቻችንን በልባችን አድምቅልን። ከጎረቤቶቻችን ጋር በሰላም አኑረን፤ ሞጣንና ቢቸናን፣ ጎጃምንና መላ አገራችንን ሰላም አድርግልን። ለነዚህ ቀናት የደከሙትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ማርልን። አሚን።

ለአንድ ጓደኛችሁ አድርሱት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።